ሰሌዳ እንደ መያዣ፦ የማቆሚያ ቅጣት አሰባሰብ በባሕር ዳር ከፍርድ አፈጻጸም ሕግ አንጻር

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ባለዕዳ በፍርድ ቤት ተሸንፎ፣ አልከፍልም ብሎ፣ ንብረቱ ተይዞ እንዲሸጥ ትእዛዝ ቢወጣበት እንኳ የማይነኩበት ነገሮች አሉ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 404 የባለዕዳውን፣ የሚስቱንና የልጆቹን አስፈላጊ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና መኝታ እንዳይያዝ ከልክሏል። ባለዕዳው ለሙያው ወይም ለሥራው የሚገለገልባቸውን መሣሪያዎችም እንዲሁ። ገበሬ ከሆነ ደግሞ ለመተዳደሪያው የሚያስፈልጉት ከብቶችና ዘር አይነኩበትም። ሕጉ የዕዳውን መጠን አልጠየቀም፤ ዕዳው አንድ ሺህ ብርም ሆነ አንድ ሚሊዮን ብር ጥበቃው ያው ነው።

በባሕር ዳር ጎዳና ባጃጁን በተከለከለ ቦታ ያቆመ ወጣት ግን የዚህ ጥበቃ ተጠቃሚ አይደለም። ቅጣቱን እስኪከፍል ድረስ ሰሌዳው ሊፈታበት፣ መንጃ ፈቃዱ ሊያዝበት፣ አንዳንዴም ባጃጁ ራሱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ሊገባበት ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዳኛ ጉዳዩን ሳያይ፣ የአፈጻጸም ማመልከቻ ሳይቀርብ፣ ተቀጪው መክፈል ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ ማንም ሳይጠይቅ ነው። በእንግሊዝ አገር የከተማ ምክር ቤት የማቆሚያ ቅጣት ያልከፈለ ሰው ቤቱ ድረስ የሚመጣበት የዕዳ አስፈጻሚ አለ። በባሕር ዳር የሰው በር የሚያንኳኳ አስፈጻሚ የለም፤ ሥራውን ሁሉ የሚጨርሰው የትራፊክ ፖሊሱ ካቻቪቴ ነው።

ማቆም በተከለከለበት የሚያቆም ይቀጣ፤ በዚህ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ድርጊቱ በደንብ ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም የሚለውም የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ አይደለም። አሳሳቢው ጉዳይ አንዲት አገር ለትልቅ ዕዳ የዘረጋችውን ጥንቃቄ ለትንሽ ቅጣት መንፈጓ፣ የሚነፈገውም በአብዛኛው ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ሰው መሆኑ ነው።

መቆም ሥራው የሆነ ሰው

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች በተዘጋጀ ማስተር ፕላን የተዘረጋች ከተማ ናት። በዘንባባ የታጀቡት ሰፋፊ ጎዳናዎቿ በዚያን ጊዜ ለነበረው እግረኛና ብስክሌተኛ ከበቂ በላይ ነበሩ፤ ብስክሌትም ለብዙ ዓመታት የከተማዋ መለያ ሆኖ ኖሯል። ባጃጅ የመጣው በዚህ ላይ ነው። የግል መኪና ጠዋት ከግቢ ወጥቶ ቢሮ ደጃፍ ይውላል፣ አውቶቡስ መናኸሪያ አለው። ባጃጅ ግን ሥራው ራሱ መቆም ነው፤ ተሳፋሪ ሲያነሣ ይቆማል፣ ሲያወርድ ይቆማል፣ ሲያጣም ቆሞ ይጠብቃል። ተሳፋሪ የሚገኝባቸው ቦታዎች ደግሞ ሁሉም መቆም የሚያስቸግርባቸው ናቸው፤ የቅዳሜ ገበያ ዙሪያ፣ የመናኸሪያው አካባቢ፣ የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በር፣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄዱ ጀልባዎች የሚነሡበት የጣና ዳርቻ።

በቅርብ ዓመታት በሐይቁ ዳርቻና በዋና ዋና ጎዳናዎች የተሠራው የኮሪደር ልማት ለእግረኛና ለብስክሌት የሚገባቸውን ቦታ መልሷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ይዞ ነው የተሠራው። ይህ በጎ ነው። ይሁን እንጂ የመንገዱ ጠርዝ በተዋበ ቁጥር ዳር ይዞ መቆሚያው ይጠባል፤ የሚቀጣውም ሰው ይበዛል። ከተማዋ ጎዳናዋን ስታድስ የቅጣት አሰባሰብ ልማዷን እንደ ቀድሞው መተዋ እየተሰማ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

ለአብነት ያህል አንድ አሽከርካሪ ይታሰብ። ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየዕለቱ የተወሰነ ገቢ ያስገባል፣ ከዚያ የተረፈው የእሱ ነው። አንድ ጠዋት አቅም ያነሳቸውን እናት ከነአስታማሚያቸው አሳፍሮ ፈለገ ሕይወት ይደርሳል። በሩ አጠገብ ያቆማል፣ እናትን ደግፎ እስከ ካርድ ክፍል ያደርሳል። ሲመለስ ሰሌዳው የለም፤ በመስታወቱ ላይ ወረቀት ተሰክቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ሂደት በከተማዋ የታወቀ ነው። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ይሰለፋል፣ የሚከፈለው መጠን ይነገረዋል፣ ከፍሎ ደረሰኝ ይዞ ይመለሳል። ሰሌዳውን የያዘው ባልደረባ መስክ ወጥቷል ይባላል። ነገ ይመጣል። ነገ ዓርብ ከሆነና ከሰዓት በኋላ ከደረሰ ደግሞ ሰኞን ይጠብቃል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ያለ ሰሌዳ ቢንቀሳቀስ ሌላ ጥፋት ነው፤ ባይንቀሳቀስ የባለቤቱ የቀን ገቢ አይቆምለትም። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ቅጣት ተቀጥቷል። አንደኛው በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው፤ ሕግ አውጪው መዝኖ፣ በእርከን ከፋፍሎ የወሰነው። ሁለተኛውን ማንም አልወሰነውም። መጠኑ የሚወሰነው በሰልፉ ርዝመት፣ ባልደረባው ቢሮ በመገኘቱ፣ በሳምንቱ ቀን ነው። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት የቤት መኪናውን አቁሞ ሰሌዳ የተፈታበት ነጋዴ ግን ለሁለት ቀን በባጃጅ ተሳፍሮ ይሄዳል እንጂ ገበያው አይዘጋም። ቅጣቱ በብር እኩል ነው፣ በኑሮ እኩል አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮድ 4 ሰሌዳ በተመሳሳይ ጥፋት ምን ያህል ጊዜ ይፈታል የሚለውም ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ጥያቄ ነው።

ነገሩ በተሽከርካሪ አይወሰንም። በሐይቁ ዳርቻ በእግረኛ መንገድ ላይ ሎሚና ሙዝ የምትሸጥ ሴት ደንብ አስከባሪ ሲመጣባት መጀመሪያ የምታሸሸው ሚዛኗን ነው። ሙዙ ቢሄድ ነገ ሌላ ሙዝ በዱቤ ይመጣል፤ ሚዛኑ ከሄደ ግን ሥራው ሄደ። የአንቀጽ 404 አርቃቂዎች ያዩትን ነገር እሷ ያለ ሕግ ትምህርት ታውቀዋለች።

ሕጉ ለሌላው ባለዕዳ ያዘጋጀው መንገድ

የፍትሐ ብሔር አፈጻጸም ሥርዓት ረጅም ነው፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ ይወቀሳል። ፍርድ አለ፤ በአንቀጽ 378 መሠረት የአፈጻጸም ማመልከቻ ይቀርባል፤ ባለዕዳው ተጠርቶ ለምን እንዳልከፈለና ምን ንብረት እንዳለው ሊጠየቅ ይችላል፤ ንብረት ይያዛል፤ ግምት ይወጣለታል፤ የሐራጅ ማስታወቂያ ይነገራል። የተያዘው ንብረት የእኔ እንጂ የባለዕዳው አይደለም የሚል ሦስተኛ ወገን ካለ በአንቀጽ 418 ተቃውሞውን አቅርቦ ፍርድ ቤቱ ይመረምርለታል። ቀደም ሲል በተጠቀሰው ምሳሌ የባጃጁ ባለቤት ጥፋቱን አልፈጸመም፣ ቦታውም ላይ አልነበረም፤ ሆኖም የገቢ ምንጩ ታግዷል። ንብረቱ በፍርድ አፈጻጸም የተያዘ ቢሆን ኖሮ የሚሄድበት በር ነበረው። በመንገድ ዳር አፈጻጸም ግን አንቀጽ 418ን የሚተካ ነገር የለም።

ከፍርድ ቤት ውጭ ዕዳን የመሰብሰብ ሥልጣን የተሰጣቸው ባንኮች እንኳ በጥንቃቄ የተሰጣቸው ነው። ለባንክ በመያዣ ስለተሰጠ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ መያዣውን ራሱ እንዲሸጥ ሲፈቅድ፣ አስቀድሞ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለባለዕዳው እንዲሰጥ ያስገድዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የዕዳው መክፈያ ሳይደርስ፣ ባለገንዘቡ መያዣውን ያለ ሥርዓት እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚያስችል ውል ቢደረግ ውሉ ዋጋ እንዳይኖረው አድርጓል። አርቃቂዎቹ ዕቃው በእጁ የገባ ባለገንዘብ የሚያገኘውን ጉልበት ፈርተውታል። መፍራታቸውም ትክክል ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የትራፊክ ቅጣት የፍትሐ ብሔር ዕዳ አይደለም፤ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ከአፈጻጸም ሕጉ ጋር ማነጻጸሩ ዝምድና የሌላቸውን ነገሮች ማጋባት ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ቅጣቱ የሚመነጨው ከመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ነው። ደንቡ ጥፋቶችን በእርከን ይከፍላል፣ ለአሽከርካሪው ነጥብ ይመዘግባል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እስከማገድ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ተቃውሞው ራሱን ይጎዳል። ጉዳዩ የቅጣት ከሆነ መመዘኛው የወንጀል ሕግ ነው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ለመቀጮ ተቀጪ ከዚህ የተሻለ ርኅራኄ አለው። ፍርድ ቤት መቀጮ ሲወስን የተቀጪውን አቅም እንዲያገናዝብ፣ የመክፈያ ጊዜ እንዲሰጠው፣ በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል እንዲፈቅድለት ያስችላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ለደንብ መተላለፍ ቀለል ያለ ሥርዓት ሲያበጅ ዳኛውን ከመንገዱ አላስወገደም። የመንገድ ዳሩ ልማድ ከፍትሐ ብሔሩም ከወንጀሉም ሕግ የወረሰው ጉልበታቸውን ብቻ ነው፤ ልጓማቸውን ትቶታል።

ባጃጅ በአንቀጽ 404 አነጋገር የሥራ መሣሪያ ነው ወይስ እንደ ማንኛውም ገቢ የሚያስገኝ ንብረት የሚቆጠር ሀብት የሚለውም ሊያከራክር ይችላል። ለመንዳት የተቀጠረና ለባለሀብት ሦስት ባጃጅ የሚያሠራ ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም። ሆኖም ይህ በጎ ክርክር ነው፤ የሚጎድለው ክርክሩ የሚሰማበት መድረክ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ውሳኔ የሚሰጥ የመንግሥት አካል ምክንያቱን እንዲገልጽና ቅሬታ እንዲሰማ የሚያደርግ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ግን ለፌዴራል ተቋማት የወጣ ነው። የባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ በእሱ አይጠለልም።

ቁራኛ

የቆየው የኢትዮጵያ ሥርዓት ለዚህ ጉዳይ የራሱ መልስ ነበረው፤ ጭካኔው የታወቀ ቢሆንም ውስጡ የተቀበረው ብልሃት ዛሬ ሊታይ የሚገባው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ባለዕዳ ዋስ ካጣና መክፈል ካልቻለ ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛል፤ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር ታስሮ፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ይህ ልማድ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ዘልቋል። ዛሬ ከቋንቋው በቀር የቀረ ነገር የለም፤ ከሰው ወይም ከነገር ጋር የማይላቀቅ ሁሉ ቁራኛ ይባላል። በ2011 ዓ.ም. ገደማ ለዕይታ የበቃው የሞገስ ታፈሰ ፊልም «ቁራኛዬ» ለዛሬው ተመልካች ሥርዓቱን መልሶ አስተዋውቆታል።

ቁራኛ ሰብአዊ ክብርን የሚያዋርድ ነበር፤ ይመለስ የሚል ጤነኛ ሰው አይኖርም። ነገር ግን በሰንሰለቱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ማን እንዳለ ልብ ይሏል። ባለገንዘቡም ታስሯል። ባለዕዳው ባልሠራበት ቀን እሱም አልሠራም፤ ነገሩ በረዘመ ቁጥር እሱም ይመረዋል። ስለዚህ ዋስ ሲቀርብ ዋሱን ለመቀበል፣ ዳኛ ሲገኝ ወደ ዳኛ ለመሮጥ፣ ዘመድ ሲያስታርቅ ለመታረቅ የሚገፋፋው ነገር ነበረው። የመዘግየት ዋጋ በሁለቱም ላይ ይወድቅ ነበር።

የተፈታ ሰሌዳ ይህን ሚዛን አጥፍቷል። ሰሌዳው በመሳቢያ ውስጥ አንድ ቀን ቢያድርም አንድ ሳምንት ቢያድርም የያዘው መሥሪያ ቤት የሚያጣው ሳንቲም የለም። የሠራተኛው ደመወዝ አይቀነስም፣ መስክ የወጣው ባልደረባ አይቸኩልም። የመዘግየት ዋጋ በሙሉ በአንድ ወገን ላይ ወድቋል። እንዲህ ያለ መያዣ በሰው ላይ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። በማግስቱ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው ቅጣቱ ትክክል ባይመስለው እንኳ አይከራከርም፤ ይከፍላል። ከዚያም የባሰው፣ ሁለተኛውንና ያልተጻፈውን ቅጣት ለማሳጠር መንገድ ዳር ላይ ሌላ «መግባባት» ሊፈልግ ይችላል። ስለ ሙስና የሚሰጠው ሥልጠና ስለ ሥነ ምግባር ብዙ ይናገራል፤ በመሳቢያ ውስጥ ስለሚውለው ሰሌዳ ግን የሚለው የለም።

አድራሻ የሌላት ከተማ

ልማዱን የሚደግፉ ሰዎች የሚያነሡት ምክንያት እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ሰሌዳው ካልተያዘ ማን ይከፍላል? የእንግሊዝ ምክር ቤት ደብዳቤ የሚልከው የባለንብረቱ ቤት ቁጥርና መንገድ መዝገብ ላይ ስላለ ነው። በባሕር ዳር የሰው አድራሻ «ከቴሌ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ነው። በፍትሐ ብሔር ክርክር እንኳ መጥሪያ ማድረስ ራሱን የቻለ ፈተና በመሆኑ ፍርድ ቤቶች በጋዜጣ ጥሪ እስከማውጣት ይሄዳሉ። ለአንድ የማቆሚያ ቅጣት እንዲህ ያለ ወጪ ማውጣት ቀልድ ይሆናል።

ምክንያቱ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ከተማዋ ስለ ተሽከርካሪው በእርግጠኝነት የምታውቀው አንድ አድራሻ ሰሌዳው ነው። «አማ» የሚለው ፊደል፣ የኮዱ ቁጥር፣ ተከታዩ ቁጥር፤ ባለንብረቱ በመዝገብ የሚገኘው በእነዚህ ነው። ሰሌዳውን መፍታት ማለት እንግዲህ ባለዕዳው እንዳይጠፋ ተብሎ የቤቱን ቁጥር ነቅሎ መውሰድ ማለት ነው። ሰሌዳ የሌለው ባጃጅ አደጋ አድርሶ ቢያመልጥ ማን ይለየዋል? ለደኅንነት ሲባል የተሰጠ መለያ ለገንዘብ ማስከፈያ ሲውል የመጀመሪያ ሥራውን ያጣል።

መዝገቡ ካለ ደግሞ ቅጣቱ ከመዝገቡ ጋር ሊቆራኝ ይችላል። ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራና ቦሎ አለ፤ የመንጃ ፈቃድ እድሳት አለ፤ የስም ዝውውር አለ። ተሽከርካሪ በእነዚህ በሮች ሳያልፍ ለዓመታት ሊኖር አይችልም። የተመዘገበ ቅጣት በእነዚህ በሮች ላይ ቢጠብቅ ባለዕዳው ወራት አግኝቶ ሠርቶ ይከፍላል፤ መንግሥትም ገንዘቡን አያጣም። በአዲስ አበባ የትራፊክ ቅጣት በቴሌብር መከፈል ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሰልፉና የደረሰኙ ጉዳይ ቴክኒካዊ ምክንያት መሆኑ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እገዳው ከብሎን ወደ ኮምፒውተር ቢዛወር ብቻ ለውጥ አይባልም። ያልተከፈለ ቅጣት ያለበትን ሰው ሥርዓቱ በራሱ መንጃ ፈቃዱን የሚያግድበት ከሆነ ያው መያዣ ነው፤ እንዲያውም የሚለመን ባልደረባ እንኳ የሌለው መያዣ። የአሜሪካ ልምድ በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። ብዙ ግዛቶች ቅጣት ያልከፈለን ሰው መንጃ ፈቃድ ሲያግዱ ኖረው፣ ሰዉ ያለ መንጃ ወደ ሥራ መሄድ ስላልቻለ ዕዳውን መክፈያም እንዳጣ ቆይተው ተረዱ። ካሊፎርኒያ በ2017 እ.ኤ.አ. ባልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ምክንያት ብቻ መንጃ ፈቃድ ማገድን አስቀርታለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሥራ በሚተዳደሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የተከማቸ የማቆሚያ ቅጣት ያለበት መኪና ጎማው በብረት ይታሰራል። ለታክሲ ነጂ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

የእንግሊዙም የዕዳ አስፈጻሚ ሥርዓት ሊቀዳ የሚገባው አርአያ አይደለም። ከለንደን ውጭ ከፍተኛው የማቆሚያ ቅጣት ለረጅም ጊዜ 70 ፓውንድ ሆኖ ቆይቷል፤ ቶሎ ለከፈለ በግማሽ ይቀነሳል፣ ለዘገየ በግማሽ ጨምሮ 105 ይሆናል። ጉዳዩ ወደ አስፈጻሚ ሲተላለፍ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የክፍያ ተመን መሠረት ለደብዳቤው 75፣ ቤት ድረስ ለመምጣት ደግሞ 235 ፓውንድ ተጨመረ። ቅጣቱ በዚህ ሁኔታ የመዝገብ ክፍያውን ሳይጨምር 415 ፓውንድ ደረሰ ማለት ነው። አስፈጻሚዎቹ በብዛት የግል ድርጅት ሠራተኞች በመሆናቸውና የሚኖሩት በዚያው ክፍያ በመሆኑ ሥርዓቱ ብርቱ ትችት ሲሰነዘርበት ኖሯል። እንዲያም ሆኖ ከዚያ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገር ይገኛል። አስፈጻሚው ዕቃ ለመያዝ ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ 7 ሙሉ ቀናት የሚቀድም ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ለባለዕዳው ሥራ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችም እስከ 1,350 ፓውንድ ግምት ድረስ አይያዙም። የኢትዮጵያ አንቀጽ 404 ግን ለሥራ መሣሪያ የገንዘብ ጣሪያ አላስቀመጠም፤ በወረቀት ላይ ከእንግሊዙ ይልቅ ለጋስ ነው። የጎደለው ይህን ልግስና ከፍርድ ቤት ግቢ አውጥቶ እስከ ሐይቁ ዳርቻ የሚያደርሰው ሰው ነው።

ዋስ

ከቁራኛ የሚያስፈታው ዋስ ነበር። የባጃጅ ነጂዎች በከተማዋ በማኅበር ተደራጅተው ይሠራሉ፤ ማኅበሩ አባሉን ያውቀዋል፣ ስልኩን፣ ሰፈሩን፣ የባጃጁን ባለቤት ያውቃል። ከተማ አስተዳደሩ የሌለው አድራሻ ማኅበሩ ዘንድ አለ። ማኅበሩ ለአባላቱ የማቆሚያ ቅጣት ዋስ ቢሆን፣ አሽከርካሪው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልከፈለ ማኅበሩ ከፍሎ ከአባሉ በየሳምንቱ ከፋፍሎ ቢቀበል፣ ሰሌዳው ከቦታው የሚነሣበት ምክንያት አይኖርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ዋስትና በቂ ድንጋጌ አለው፤ የአካባቢው ሰውም ዋስ መሆን ምን እንደሆነ ከሕጉ አስቀድሞ ያውቃል። ለማኅበሩም ጥቅም አለው፤ በየጊዜው እየተቀጣ ጓደኞቹን የሚያስከፍል አባል ያለበት ማኅበር ራሱ ልክ ያስገባዋል። ይህን ካቻቪቴ አይሠራውም።

ዕቅዱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ማኅበር የሌላቸው አሽከርካሪዎች አሉ፤ ማኅበር ውስጥም ጉልበተኛ ሊቀመንበር ደካማውን አባል ሊጫነው ይችላል። የግል መኪና ያለው ሰው ደግሞ ማኅበር አያስፈልገውም፤ ለእሱ ከቦሎው ጋር የተያያዘው መዝገብ ይበቃል። ደጋግሞ እያጠፋ አሻፈረኝ የሚል ሰው ቢገኝ ወደ ፍርድ ቤት መወሰድ አለበት፤ ያን ጊዜ አንቀጽ 404ም አንቀጽ 418ም ከነሙሉ ሥርዓታቸው ይመጣሉ። መንገድ ዘግቶ የቆመ ተሽከርካሪን ማንሣትም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የአምቡላንስ መግቢያ የዘጋ ባጃጅ ሰሌዳው ተፈትቶ እዚያው ቢተው መግቢያው እንደ ተዘጋ ይቀራል። ይህም የሰሌዳ መፍታት ዓላማ መንገድ ማስከፈት እንዳልሆነ የሚያሳይ ነው፤ ተሽከርካሪው ያለበት ቦታ ላይ እንዲቀር ያደርጋልና።

በወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበትም ትንሽ ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ፣ የት ቦታና በስንት ሰዓት እንደተፈጸመ፣ እስከ መቼ እንደሚከፈል፣ አልተስማማሁም የሚል ሰው እስከ መቼና ለማን ቅሬታ እንደሚያቀርብ። በሆስፒታል በር ሕመምተኛ ለማውረድ የቆመ ሰው ይህን የሚናገርበት አንድ መስመር ቢኖረው ቅጣቱን የሚያየው ባለሙያ ሊሰርዘው ይችላል፤ ባይሰርዘውም ምክንያቱን ይጽፋል። ይህን ለመጀመር የፌዴራሉን ደንብ መለወጥ አይጠይቅም። የክልሉና የከተማው አስተዳደር ደንቡ የሰጣቸውን ሥልጣን በምን ዓይነት አሠራር እንደሚጠቀሙበት በመመሪያ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ለሙከራም ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በርና ከጀልባ መነሻው ጀምሮ፣ በአንድ ክፍለ ከተማ፣ ለስድስት ወር ያህል ሰሌዳዎቹ በቦታቸው ቢቀሩና ስንቱ እንደከፈለ ቢቆጠር ይበቃል።